«ሥራ ላይ ናቸው»፦ በአካባቢ ምርጫ ላይ የተነሣ ክርክር

መዝገብ፦ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ አንድ እንግዳ ስለ አካባቢ ምርጫ ሲጠየቅ «ገና ነው» ብሎ አለፈው። ገና! የመጨረሻው የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ለአንድ ዓመት ይራዘም ተባለ፤ ያ አንድ ዓመት እስካሁን አላለቀም። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ዛሬ ለመምረጥ ደርሳለች፤ የቀበሌዋን ምክር ቤት የመረጡላት ግን አያቷ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ደርዝ፦ ከሬዲዮ አንድ ቃል መዝዞ መጮህ ቀላል ነው። ሰላም በሌለበት ወረዳ ኮሮጆውን ተሸክሞ የሚገባው ማን ነው? አንተ? ደግሞም ምክር ቤቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ምን ጎደለብህ?

የቆላ ልጅ፦ «ሥራ ላይ ናቸው»! ውሉ ያለቀበት ተከራይም ቤት ውስጥ ነው።

ደርዝ፦ አከራዩ ውጣ ካላለውስ?

የቆላ ልጅ፦ አከራዩ የሚናገርበት ቀን ነው እኮ ምርጫ የሚባለው።

አንቀጽ፦ ወደ ሕጉ እንመለስ። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ የአካባቢ ምርጫን ከጠቅላላ ምርጫ ለይቶ አስቀምጦታል። ምክር ቤቶቹ የሚቋቋሙት በክልል ሕግ ነው፤ ምርጫውን የሚያስፈጽመው ግን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ስለሆነ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዘመን ሊያልፍ ይችላል። በ2012 ጠቅላላ ምርጫው ሲራዘም፣ ወደድነውም ጠላነውም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም ሰጥቶበታል። ለቀበሌው ማን ምን ተረጎመለት? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 እኮ በማናቸውም የመንግሥት ደረጃ በየጊዜው ስለሚካሄድ ምርጫ ይናገራል።

ደርዝ፦ ራስዎ አሉት፤ «በየጊዜው» እንጂ በየአምስት ዓመቱ አላለም።

የቆላ ልጅ፦ እንግዲያው ደመወዝህም በየጊዜው ይከፈልህ።

ነገረኛዋ፦ 2005ን እንደ ደግ ዘመን ስታነሡት አታፍሩም? 33 ፓርቲዎች አቤቱታ ፈርመው ምርጫውን ጥለው ወጡ፤ የያኔው ገዢ ፓርቲ፣ ኢሕአዴግ፣ ከሞላ ጎደል ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊትም በ2000 በመላው አገሪቱ የተመረጠው ሰው 3.6 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ በብዙ ቀበሌ እስከ 300 አባል! ይህን ሁሉ ዕጩ ከገዢው ፓርቲ በቀር የትኛው ፓርቲ ያቀርባል? አሸናፊው እኮ የታወቀው ድምፁ ሳይሆን መቀመጫው ሲቆጠር ነው። ቁጥሩ ሳይቀነስ «ምርጫ ይደረግልን» ማለት ያንኑ ድግስ ድገሙልን ማለት ነው።

መዝገብ፦ ይቀነስ፤ ማን ከለከለ? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለ2013 ምርጫ ለመመዝገብ መታወቂያ ይዤ ሄድሁ። የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነህ ብሎ መታወቂያውን የሰጠኝ ዘመኑ ያለቀበት ቀበሌ ነው። ያልተመረጠው መራጩን ይመሰክርለታል!

የፒያሳው፦ ለማረም ያህል፣ አሁን እኮ ወረዳ ነው እንጂ ቀበሌ የለም።

መዝገብ፦ አዲስ አበባ ነኝ ያለህ ማን ነው? አገሩ ሁሉ ፒያሳ ይመስላችኋል።

የፒያሳው፦ ተቆጡ እንዴ? ለእኛም አላለፈልንም። በ1997 ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠን፤ ከተማዋን የተረከባት ግን መንግሥት የሾመው ባለአደራ አስተዳደር ነው። በ2010 ደግሞ የከተማዋ መተዳደሪያ ቻርተር ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ የመጣ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆነ።

ደርዝ፦ እና ከተማዋ አልተሠራችም?

ነገረኛዋ፦ ጀመረን! ስለ ድምፅ ስንጠይቀው ስለ አስፋልት ይመልሳል።

አንቀጽ፦ እባካችሁ፣ ጥያቄው ስለ አካባቢ ምርጫ ነው።

ነገረኛዋ፦ እርስዎም አንቀጽ ቆጥረው ዳኛ ሊሆኑ ነው? በ2005 የት ነበሩ?

አንቀጽ፦ ተሰልፌ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ከማውቃቸው ስሞች አንዱ ብቻ ጎረቤቴ ነበር፤ እሱን መረጥሁ።

መዝገብ፦ ደርዝ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከቀበሌህ ምክር ቤት አባላት የአንዱን ስም ጥራልኝ። አንድ ብቻ።

ደርዝ፦ አሁን ጉዳይ ይዣለሁ። ማታ እመለስበታለሁ።

የቆላ ልጅ፦ አትረብሹት፤ እሱም ሥራ ላይ ነው።