ከ1000 ወደ 1435 ሚሊ ሜትር፦ ሐዲዱን ማስፋት ወይስ ሦስተኛ ሐዲድ መጨመር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጠላ የባቡር መስመር ወደ 1435 ይቀየር ቢባል፣ አንዱን ሐዲድ ፈትቶ 435 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ማሳለፍ ይበቃል? የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1886 በሁለት ቀን ጨርሰውታል ይባላል።

መልስ 1፦ የእነሱ ልዩነት 3 ኢንች ብቻ ነበር፤ ያውም የጠበበ እንጂ የሰፋ አይደለም። የአዲሱ ቦታ ምስማር ቀድሞ ስለተመታ በቀኑ የቀረው አንዱን ሐዲድ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ማስፋት ሌላ ጣጣ አለው። የ1000 አግዳሚ (ሐዲዶቹ የሚቀመጡበት ከሥር የሚነጠፈው ተሸካሚ) ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ሲሆን ለ1435 እስከ 2.6 ሜትር ይፈለጋል። በአጭሩ አግዳሚ ላይ ካሰፋችሁት ሐዲዱ ጫፍ ላይ ይቀመጥና አግዳሚው መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ኮንክሪት ከሆነማ የሐዲዱ ማሰሪያ አብሮ የተቀበረ ነው፤ አይነቃነቅም።

ጠያቂ፦ ሁለቱም ዓይነት ባቡር እንዲሄድ ሦስተኛ ሐዲድ ብንጨምርስ?

መልስ 2፦ ለ435 ልዩነት ቦታው ይበቃል። 1435 እና 1520 ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ልዩነቱ 85 ሲሆን በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው ሐዲድ እግሩ ብቻ 150 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ አራት ሐዲድ ይዘረጋል። ግን ረጅም አግዳሚ ከማንጠፍ አታመልጡም። በዚያ ላይ የሁለቱ ባቡሮች መሃል መስመር በ217.5 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ በጣቢያ መሳፈሪያ አንዱ ይርቃል ወይም ይገጫል፣ በዋሻ ውስጥም ክፍተቱ ይታያል። የጋራው ሐዲድ የሁለቱንም ጭነት ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል። መስመር ማቀያየሪያዎቹ ደግሞ እጅግ የተወሳሰቡ ይሆናሉ፤ ወጪው የሚያብጠው እዚያ ነው።

መልስ 3፦ ኩርባውን አትርሱ። የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው የሚበልጥበት ከፍታ የሚሰላው ከአንዱ ሐዲድ ራስ መሃል እስከ ሌላው ራስ መሃል ባለው ርቀት ነው፤ ለ1000 በግምት 1060፣ ለ1435 ደግሞ 1500 ሚሊ ሜትር። በ1000ው ላይ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰጠውን ዘንበል ለማግኘት በ1435 ላይ 141 ያህል ያስፈልጋል። ሦስት ሐዲድ ባለበት ኩርባ ሁለቱ ባቡሮች በተለያየ ፍጥነት ከሄዱ አንዱ ተስማሚውን ዘንበል አያገኝም።

እኔ ብሆን አግዳሚዎቹ በተራ በሚታደሱበት ጊዜ ለሁለቱም ስፋት የሐዲድ መቀመጫ ያላቸውን አነጥፋለሁ። ሁለቱም ሐዲዶች እኩል 217.5 ወደ ውጭ ስለሚሄዱ መሃል መስመሩ ካለበት አይንቀሳቀስም። ባቡሩ በ1000 እየሄደ ይቆይና መስመሩ ተዘግቶ በአንድ ጊዜ ይዛወራል። ከዚያ ስፋቱ ከሐዲዱ ራስ 14 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በውስጥ ፊቶቹ መካከል ይለካ። ከጠበበ የመንኮራኩሩ ጠርዝ ሐዲዱን ይወጣል፤ ከሰፋ መንኮራኩሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል።

ጠያቂ፦ የድሮ ፉርጎዎችስ?

መልስ 3፦ ቦጊያቸው (መንኮራኩሮቹን የያዘው የታችኛው ክፍል) ከተቀየረ ይሄዳሉ፤ የማያያዣውን ከፍታ ግን አስቀድማችሁ ለኩ።