የማህበራችን የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ 3፣ እስከ ዓርብ ሃሳብ ስጡ

ፀሐፊዋ፦ ርዕስ «በአዳማ በግለሰቦች እጅ የሚገኙ የድሮ ትናንሽ አሻንጉሊቶች ምዝገባና ጥናት»። ሦስት ወር ቤት ለቤት እየዞርን ፎቶ ማንሳት፣ መለካት፣ መመዘን፣ ከማን እጅ እንደመጣ መጠየቅ፣ መጨረሻ ላይ ካታሎግ ማሳተም። ከያንዳንዱ አባል 1000 ብር። ከ18ታችን 11 ሰው ከፍሏል፣ የቀራችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እንደአምናው እንዳይሆን በናታችሁ።

የመቶ አለቃው፦ አሻንጉሊት የሚለው ካልወጣ እኔ የለሁበትም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ ታዲያ ምን እንበለው? አሻንጉሊት እኮ ነው።

የመቶ አለቃው፦ አሻንጉሊት የጨርቅ ነው፣ ሴት ልጅ የምታዝለው። እኔ ጋ ያሉት አምስቱ የእርሳስ ብረት ወታደሮች ናቸው፣ የእንግሊዙ ብሪተንስ ኩባንያ በወረራው ሰሞን የሰራቸው፣ የካታሎግ ቁጥር 1424፣ ክብር ዘበኛ። አባቴ ክብር ዘበኛ ነበር፣ ማይጨው ዘምቷል። አባቴን አሻንጉሊት ልትሉት ነው?

የፍራንኮ ልጅ፦ አረ ጋሼ ማን አባትዎን አለ

ባለ ማችቦክስ፦ እኔ ያለኝ ባብዛኛው መኪና ነው፣ ርዕሱ ወታደር ወታደር ከሸተተ 1000 ብሬ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚመለስ ብር የለም። ለሚዛንና ለካሊፐር፣ ለመለኪያው፣ ወጥቷል፣ ደረሰኝ አለ።

ሃዲዱ፦ ስለ ቃሉ በኋላ ትጨቃጨቃላችሁ፣ መጀመሪያ አመዛዘኑን እንስማማ። እኔ ያሉኝ አባቴ ባቡር ላይ ሲሰራ ከጅቡቲ ያመጣቸው ናቸው፣ አብዛኛው የፈረንሳዩ ሚኞ ኩባንያ ስራ ነው፣ ሚኞ ሙሉ እርሳስ ስለሆነ ይከብዳል፣ ብሪተንስ ግን ከ1893 በፈረንጅ ጀምሮ ውስጡ ባዶ ነው፣ የቀለጠውን እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈሱና ዳር ዳሩ ሲረጋ መሃሉ ያልረጋውን መልሰው ይደፉታል፣ በዛ ነው እርሳስ ቆጥበው ዋጋ ሰብረው የጀርመኖቹን ገበያ የወሰዱት። ስለዚህ ብሪተንስ ነው ብሎ ከባድ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ወይ ተሸውዷል ወይ ሊሸውደን ነው። ቁመቱም ከእግር እስከ አናት 54 ሚሊ አካባቢ ነው። ፎርሙ ላይ ክብደት የሚለው ሳጥን ከስም በፊት ይምጣ።

የመቶ አለቃው፦ ጥሩ ብለሃል። ርዕሱ ግን ይቀየር።

ፀሐፊዋ፦ «የእርሳስ ወታደሮች» ብንለውስ?

የፍራንኮ ልጅ፦ እርሳስ ስንል ፕሮፖዛሉን የምናስገባበት ቢሮ የተማሪ እርሳስ መስሎት ወደ ትምህርት ክፍል ይመራዋል፣ ከዛ ፋይሉን ፈልጉ

ባለ ማችቦክስ፦ አሁንም ወታደር!!

ሰብሳቢ፦ «ጥቃቅን ቅርሶች» ይሁን፣ ክብደት አለው።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጥቃቅንና አነስተኛ ብድር የምንጠይቅ ነው የሚመስለው

ቦሌ ሰፈር፦ ቅርስ እንዳትሉ! ቅርስ ካላችሁት ነገ አስመዝግብ ይመጣል፣ ልትሸጥ ስትል አስፈቅድ ይመጣል። እኔ ቤቴ ያለውን ዝርዝር ለማንም አልሰጥም።

ሰብሳቢ፦ ለመሸጥ ነው እንዴ ማህበር የገባኸው?

ቦሌ ሰፈር፦ አንተ ባለፈው ለዛ ፈረንጅ ፈረሰኛውን በስንት ሸጥክለት? ዝም ስላልን ያላወቅን መሰለህ?

ሰብሳቢ፦ ተለዋወጥን እንጂ አልሸጥኩም። ቃልህን ሰብስብ።

ፀሐፊዋ፦ በቃ በቃ። ፎቶ የሚያነሳው ልጅ የት ነው? ቅዳሜ እጀምራለሁ ብሎ ሚዛኑንና ካሊፐሩን ወስዷል፣ ስልኩ አይነሳም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ፈተና አለበት መሰለኝ

ሃዲዱ፦ ሚዛኑ እኮ የኔ ነው። የተገዛው ካሊፐሩ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ የሁለቱም ነው።

ሰብሳቢ፦ ቤት ለቤቱ ሰው የሚያስፈራ ከሆነ ካታሎጉን ለጊዜው እንተወውና የአንድ ቀን ኤግዚቢሽን እናድርግ። ሁሉም የፈለገውን ይዞ ይመጣል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ባለመስታወት የእንጨት ቡፌ የሚያውሰን ሰው አግኝቻለሁ።

ሃዲዱ፦ እንጨት አይሆንም! እንጨት በተለይ ኦክ የሆነ ሲታፈን የሆምጣጤ ዓይነት ትነት ያወጣል፣ እሱ እርሳሱን ይበላዋል፣ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ያወጣል ከዛ እግሩ ይፈረፈራል፣ ሁለት የሚኞ ከበሮ መቺ በዚህ ነው ያጣሁት፣ ካርቶን ውስጥ ቢሆን ይተርፉ ነበር እንዳትሉ እሱም አሲድ አለው። ደግሞ ልጆች ስለሚመጡ በእጅ አይነካም የሚል ይለጠፍ፣ እርሳስ መርዝ ነው፣ ብሪተንስ ራሱ በ1966 በፈረንጅ የእርሳስ አሻንጉሊት አቁሞ ወደ ፕላስቲክ የዞረው በዚሁ ጣጣ ነው።

የመቶ አለቃው፦ አንተም አሻንጉሊት አልክ።

ሃዲዱ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማኸው እሱን ነው?

የመቶ አለቃው፦ የሰማሁትን ሰማሁ። የብሪተንስን ቁጥር 1425 አይተኸዋል? ባዶ እግሩን ጠመንጃ ይዞ የቆመውን? እንግሊዝ ቤት የልጅ መጫወቻ ይሁን፣ እኔ ቤት መጫወቻ አይደለም። ልጆቼ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም።

ሃዲዱ፦ ይሄን ደህና አድርገህ ተናገርክ፣ ካታሎጉ ላይ ይግባ ብዬ ነበር፣ ካታሎግ ካለን።

ባለ ማችቦክስ፦ ኤግዚቢሽን ከሆነ እኔ አለሁ፣ መኪኖቼን ግን መግቢያው ጋ ነው የምደረድረው።

ቦሌ ሰፈር፦ እኔም እመጣለሁ። ሰብሳቢ ይቅርታ፣ ከንዴት ነው።

ሰብሳቢ፦ አለፈ። ማተሚያ ቤት ያለው ወዳጄ ቲሸርት በቅናሽ ይሰራልናል፣ ካታሎጉ ስለቀረ በተረፈው ብር ቢያንስ በአንድ ዓይነት ልብስ እንታይ።

ሃዲዱ፦ ቡፌውስ?

ሰብሳቢ፦ ቡፌው ቆንጆ ነው፣ አይተኸው ትናገራለህ።

ፀሐፊዋ፦ ረቂቅ 4። ርዕስ፦ ክፍት፣ ወደፊት ይሞላል። ተግባር፦ የአንድ ቀን ኤግዚቢሽን፣ 18 ቲሸርት። ጥናቱ በሁለተኛ ዙር። ያልከፈላችሁ 7 ሰዎች እስክትከፍሉ ቲሸርት የላችሁም። ሳይዛችሁን ጻፉ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ሚዲየም። ጀርባው ላይ የባቡር ጣቢያው ስዕል ቢኖርበት ያምራል

ባለ ማችቦክስ፦ ላርጅ

ቦሌ ሰፈር፦ ላርጅ፣ ጥቁር ካለ

የመቶ አለቃው፦ ኤክስ ኤል። ከፊቱ ምንም አይጻፍበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ያልከፈሉት ሰባቱ ሳይዝ መላክ ያቁሙ፣ እያየሁ ነው።

ሃዲዱ፦ ሚዛኔስ?