ሽንት ቤት ስናስቆፍር ዝገት የመሰለ ድንጋይ ገጠመን፣ ምንድነው?

ሐይቅ ሰፈር፦ አሰላሙ ዐለይኩም ጀማዓ። ሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ተዳፋቱ ስር ቤት እየሰራን ነው፣ ለሽንት ቤት ስናስቆፍር አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቀይ ቡናማ ድንጋይ መጣ፣ ዶማው ይነጥራል። ውፍረቱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። ሲሰበር ጠጠርና አሸዋ ተጣብቆበታል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ቢጫ ዱቄት አለ። ጎረቤቴ ብረት ነው ሽጠው ይላል፣ ቆፋሪው ዋጋ ጨምር ብሎ ቁጭ ብሏል።

የደላንታው፦ ሃሃሃ የከበረው ድንጋይ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወሎ ውስጥ ድንጋይ ያገኘ ሁሉ ሀብታም ሆኗል።

ጂኦ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ብረትስ አለው፣ ግን ይሄን ታክል ማንም አይገዛህም። የኛ አገር ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ ማለቴ ነው፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፣ ብረት አለበት። በስብሶ አፈር ሲሆን አየር በሌለበት ረግረግ ውስጥ ብረቱ ይሟሟና ከውሃው ጋር ቁልቁል ይወርዳል፣ ተዳፋቱ ስር ኦክስጅን ሲያገኘው ይዝግና ጠጠሩን እንደ ሲሚንቶ ያጣብቀዋል። ክረምት ውሃው ይወጣል በጋ ይወርዳል፣ እንዲህ እያለ ይወፍራል። ቢጫው ዱቄት ጎታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ሳይሆን አይቀርም፣ ደም የመሰለው ቀይ ካለ ደግሞ ሄማታይት የሚባለው ነው። የሚገርመው ደግሞ ዙሪያው ያለው አፈር በጎርፍ ተጠርጎ ሲሄድ ቅርፊቱ ቆሞ ስለሚቀር ድሮ ሸለቆ የነበረው ኮረብታ የሚሆንበት አገር አለ።

ኮምቦልቻ ግንበኛ፦ ያልደረቀ ለስላሳ ቦታ ካለው ዛሬውኑ ቁረጡት፣ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይጠነክራል።

ጂኦ፦ ልክ ነህ፣ ህንድ ውስጥ እርጥቡን እንደ ጡብ ቆርጠው ያደርቁታል፣ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቡካናን በ1807 እ.ኤ.አ. ድንጋዩን ላተራይት ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው፣ ስሙ የመጣው በላቲን ጡብ ከሚለው ቃል ነው። ግን ቆይ፣ ከታች ምንጭ አለ እንዴ?

ሐይቅ ሰፈር፦ አለ፣ በጎች ይጠጡበታል። ዳሩ ብርቱካናማ ዝቃጭ ነው፣ ላዩ ላይ ናፍጣ የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል።

ጂኦ፦ በእንጨት ንካው። ተመልሶ ከገጠመ ዘይት ነው፣ እንደ ቅርፊት ከተሰባበረ የብረት ባክቴሪያ ነው።

ሐይቅ ሰፈር፦ ሄጄ ነካሁት፣ ተሰባበረ።

ኮምቦልቻ ግንበኛ፦ በቃ ጉድጓዱን ቀይር። ዝገቱ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ እያሳየህ ነው፣ ክረምት ሽንት ቤቱ ይሞላና ምንጩ ውስጥ ይገባል።

ሐይቅ ሰፈር፦ ወላሂ እውነታችሁን ነው፣ ከምንጩ አርቄ ሌላ ቦታ አያለሁ። ቆፋሪው ግን የግማሹን ክፈለኝ እያለ ነው።