የተግባር ሥልጠና የት ላግኝ?

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎችን በአንድ ማዕከል እደግፋለሁ። ሥልጠና ወስጃለሁ፤ 3 ቀን ስላይድ አይተን ሰርተፊኬት ይዘን ወጣን። አንድም ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠን አላናገርንም።

ባለፈው ወር አንድ ወንድማችን አረቄ በአንዴ አቆመ። ሁላችንም ደስ አለን። በማግስቱ ሻይ ስሰጠው እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ማንኪያው ብርጭቆው ላይ ይንቃጨላል። በላብ ተጠምቋል። ደነገጥኩና በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ለካ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ካቆመ በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ይህን የነገረችኝ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ማናገሩም ያቅተኛል። ጫት የሚቅም ልጅ ሲመጣ «ተው» ማለት ይቀናኛል፤ እሱም ዝም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትን ኤምኤች ጋፕ (mhGAP) የተባለ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና መመሪያ አንብቤያለሁ። ንባብና ሥራ ግን ለየቅል ናቸው።

እባካችሁ፣ ልምድ ካለው ባለሙያ ጎን ተቀምጬ የምማርበት፣ ስሳሳትም የሚያርመኝ ሰው ያለበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ሻሸመኔም ቢሆን እመላለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ።