ክርክር፦ ሚስተር ቢን ሮዋን አትኪንሰንን አነገሠው ወይስ ዋጠው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። እንግሊዛዊው ሮዋን አትኪንሰን የመድረክም የስክሪንም ሰው ነው። ዓለም ግን በአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሚስተር ቢን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉ። ስድብ የለም።

የመድረክ ፍቅረኛ፦ ጎድቶታል ባይ ነኝ። ሰውዬው በ1981 ኦሊቪየር የሚባለውን የብሪታንያ የቴአትር ሽልማት የወሰደው በመድረክ ሥራው ነው፤ ያኔ ቢን የሚባል ነገር ቴሌቪዥን ላይ የለም። ከ1983 እስከ 1989 ደግሞ የቴሌቪዥን ኮሜዲው «ብላክአደር» መጣ። እዚያ መሣሪያው አንደበቱ ነው። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሰውን ያርዳል። «ቦብ» የሚለውን ስም ሲጠራ ስሙት። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ «ቦ»ን ያፈነዳታል፣ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። የሚንተባተብ ሰው ስለሆነ ከባድ ፊደል የሚሻገርበት ዘዴው ነው። ችግሩን ቀልድ አደረገው። ይህን አንደበት ወስዶ ከማጉተምተም ሌላ የማያውቅ ሰው ውስጥ መቅበር ኪሳራ ካልሆነ ምን ይባላል?

ሳቂታው፦ ወንድሜ ረጋ በል እንጂ። ብላክአደርን እዚህ ቤት ስንት ሰው አይቶታል? ቢንን ግን እናቴም ታውቀዋለች፣ ያውም እንግሊዝኛ ሳትሰማ። የ1990ውን የመጀመሪያ ክፍል አስታውስ። ቤተ ክርስቲያን ይገባል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ የመዝሙር መጽሐፉን አያሳየውም። ግጥሙን አያውቀውም፣ ዝም ብሎ ያጉተመትማል። «ሃሌሉያ» ጋ ሲደርሱ ግን ያቺን ያውቃታል! ጣራው እስኪነቀል ይለቃታል። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አስተርጓሚ አልፈለገችም።

ግራ ቀኝ፦ ሁለታችሁም ኒው ዮርክን ረሳችሁት። በ1986 የመድረክ ትርኢቱን ይዞ እዚያ ወዳለው የቴአትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ሄደ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ሃያሲ አብጠለጠለው፤ ትርኢቱ በቀናት ውስጥ ተዘጋ። በዓመቱ ሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ ቢንን ሞከረው። የሚገርመው እንግሊዝኛው ፕሮግራም ውስጥ አልገባም፤ ከፈረንሳይኛዎቹ ጋር መድቡኝ አለ። ቋንቋው የማይገባው ሰው ፊት ያስቅ እንደሆነ ሊያይ ነው። አሳቀ። ስለዚህ ቢን እንደ ሎተሪ የወጣለት አይደለም፣ የተሰላ ነው። ሰውዬው እኮ ኦክስፎርድ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያጠና ነው፤ መሞከር ያውቅበታል።

የመድረክ ፍቅረኛ፦ መሰላቱን ማን ካደ? የከፈለውን ዋጋ ነው የማወራው። በ2016 እና በ2017 በቴሌቪዥን ፊልም መርማሪውን ሜግሬን ሆኖ ሠራ። ቁጥብ፣ ሐዘን ያለበት፣ አንዲት ቅንድብ እንኳ የማያባክን ትወና ነው። ሰው ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ «አሁን ይደናቀፋል» እያለ ይጠብቃል። አራት ፊልም ላይ ቆመ።

እትዬ ለንደን፦ ልጆች፣ እኔም ልናገር። በ2009 ድሩሪ ሌን ቴአትር «ኦሊቨር!» የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ ላይ የሌቦቹን አለቃ ፌጊንን ሲጫወት አይቼዋለሁ። ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ያጭበረብራል። አጠገቤ የነበሩት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ቢንን ብለው ነው። ይምጡ! ቴአትር በባዶ ወንበር አይኖርም። በ2013 ደግሞ ዊንድሃምስ ቴአትር «ኳርተርሜይንስ ተርምስ»ን ሠራ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ ፈዞ የሚውል ብቸኛ አስተማሪ ነው። ቀዝ ያለ፣ ዝግ ያለ ድራማ። ያለ ቢን ስም ይህንን የለንደን ቴአትር ሰፈር ዌስት ኤንድ ላይ ለመሥራት ማን ገንዘቡን ያወጣ ነበር?

ነገር ፈላጊ፦ ከርዕስ ልውጣና፣ ያ ዝምተኛ በ2012 «ሰዳቢ ንግግር ወንጀል መሆኑ ይቅር» ብሎ ዘመቻ ውስጥ ገባ። በ2013 «ሰዳቢ» የምትለዋ ቃል ከእንግሊዝ ሕግ እንድትወጣ ተደረገ። ሌላ ኮሜዲያን ቢሆን ጋዜጣው ሁሉ ይሰማው ነበር?

አወያይ፦ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል። ወደ ቢን ተመለሱ።

ግራ ቀኝ፦ የቴሌቪዥኑ ቢን 15 ክፍል ብቻ ነው። በ1995 አለቀ። የ1997ቱ ፊልም ግን በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ15 ክፍል ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ጥሩልኝ።

የመድረክ ፍቅረኛ፦ ገንዘብ አላወራሁም። የብላክአደርን መጨረሻ ያየ ይፍረድ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ 1917። ሲያሾፍ የከረመው መኮንን ማምለጫ ያጣል። ከጓደኞቹ ጋር ከምሽጉ ወጥቶ ወደ ጥይቱ ይሮጣል። በኮሜዲ ታሪክ እንደዚያ ያለ አጨራረስ ጥቂት ነው። ከ15ቱ የቢን ክፍሎች ውስጥ ልብ የሚነካ አንድ ደቂቃ አሳየኝና ዝም እላለሁ።

ሳቂታው፦ አሳይሃለሁ። ሁለተኛው ክፍል፣ ሬስቶራንቱ። ልደቱ ነው፣ ብቻውን ነው። ካርድ ያወጣል፣ ለራሱ ይጽፋል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ጠረጴዛው ላይ ያቆማል። ከዚያ ድንገት ያየ መስሎ ይከፍተዋል፤ ይደነቃል፣ ደስ ይለዋል። ቃል የለም። ከዚያ ያዘዘው ምግብ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ይመጣል። እኛ ብንሆን ሚጥሚጣ አስመጥተን ነበር የምንጨርሰው፤ እሱ ስኳር ዕቃ ውስጥ ይደብቃል፣ ዳቦ ውስጥ ይወትፋል፣ የሴትዮዋ ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር ይከታል!

የመድረክ ፍቅረኛ፦ ካርዷን እሰጥሃለሁ። ሜግሬን ግን አለቅም።