ፓወር ያለው የዋና መነጽሬ ተሰበረ፤ ነገ ጠዋት ልጆች አሠለጥናለሁ፣ እርዱኝ!

ዋናተኛዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ፓወር ያለው የዋና መነጽሬ አሁን ማታ ተሰበረብኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እዚሁ ጎንደር ሆቴል ገንዳ ውስጥ ልጆች አሠለጥናለሁ። ያለ እሱ ውሃ ውስጥ ምንም አይታየኝም። ፓወር የሌለው ተራ የዋና መነጽር ቤት አለኝ። ከአሮጌው የዓይን መነጽሬ ሌንሱን አውጥቼ በሱፐር ግሉ ውስጡ ላይ ብለጥፈውስ? ወይስ ውሃ የሚችል ሌላ ማጣበቂያ አለ? ከተማ ውስጥ አዲስ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ። ቶሎ በሉ እባካችሁ።

የአዘዞ ልጅ
ጥምቀት ገና ነው እኮ፣ ምን አስቸኮለሽ 😀 አይዞሽ እህቴ። ኮንታክት ሌንስ አድርጊና ግቢ። የማውቃት ልጅ ሁሌ እንደዚያ ነው የምትዋኘው።

ጋሽ ፊዚክስ
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ስለሆነ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ብርሃንን አጥፎ ዓይናችን ውስጥ የሚሰበስበው በዋናነት ኮርኒያ ነው። ከፊት ያለው ጥርት ያለው ሽፋን ማለቴ ነው። የአንድ ጤነኛ ዓይን ጠቅላላ ኃይል ወደ 60 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ 43 ገደማው የኮርኒያ ነው። ኮርኒያ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ፊቱ ያለው አየር ስለሆነ ነው። ብርሃን የማጠፍ መጠኑ የአየር 1፣ የውሃ 1.33፣ የኮርኒያ 1.38 አካባቢ ነው። ዓይን በቀጥታ ውሃ ሲነካ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ኮርኒያ ሥራ ይፈታል። ለዚህ ነው ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው ውሃ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚደበዝዝበት።

የዋና መነጽር ዋና ሥራው ዓይን ፊት ትንሽ አየር ማስቀመጥ ነው። አየሩ ሲመለስ ኮርኒያም ሥራውን ይቀጥላል። በሌላ በኩል ብርሃኑ ከውሃ ወጥቶ ወደዚያ አየር ሲገባ ይታጠፋል። ስለዚህ 4 ሜትር ላይ ያለ ነገር 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፣ መጠኑም በሲሶ ያህል ጎልቶ ይታያል።

በታይላንድ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሞከን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ልጆቻቸው ያለ መነጽር እየጠለቁ ምግብ ከባሕር ይለቅማሉ። አና ጊስሌን የተባለች ስዊድናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጥናት እነዚህ ልጆች ውሃ ውስጥ ከአውሮፓ ልጆች ከእጥፍ በላይ አጥርተው እንደሚያዩ አሳይታለች። ምስጢሩ የዓይናቸውን ብሌን በጣም ማጥበባቸውና…

የፒያሳው
ጋሼ፣ ትምህርቱ ግሩም ነው። ግን ልጅቷ ጠዋት 3 ሰዓት ገንዳ ልትገባ ነው። ሞከን እስክትሆን አትደርስም።

የቀሃ ልጅ
ቆይ፣ ውሃው ራሱ የሚያጎላ ከሆነ ፓወር ለምን ያስፈልጋታል? ያን ተራውን አድርጋ ትግባ። በነጻ ተጎላላት ማለት ነው።

የዓይን ባለሙያ፣ ማራኪ
ሰላም እህቴ። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ሁለት ነገር ሳትነግሪን ነው የጠየቅሽን። ቁጥርሽ ስንት ነው? የተሰበረውስ የቱ ነው፣ ሌንሱ ወይስ ሌላ ቦታ? መልሱ በዚህ ይለያያል።

እስክትመልሺ የቀሃ ልጅ ላለው ልመልስ። ማጉላትና ማጥራት ይለያያሉ። የሩቅ የማይታየው ሰው ችግሩ የነገሩ ማነስ አይደለም፣ መደብዘዙ ነው። ማይነስ 5 የሆነ ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 20 ሳንቲሜትር ነው። 4 ሜትሩ 3 ሜትር ቢመስል ምን ይፈይድለታል? ማይነስ 1 ለሆነ ሰው ግን እውነት አለው። ገንዳ ውስጥ በተራ መነጽር ይብቃቃል።

ሱፐር ግሉውን ተዪው። አንደኛ፣ ጭሱ ዓይን ይለበልባል፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው። ያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። ተቆርጦ የገባ ሌንስ ጠርዙ ሹል ነው፣ ከዓይንሽም ምንም ያህል አይርቅም። አንድ ልጅ ሲንፈራገጥ በእግሩ ቢመታሽስ?

የአዘዞ ልጅ
እኔ እኮ ያልኩት ኮንታክት ሌንስ ነው። ማጣበቂያ አያስፈልገውም።

የዓይን ባለሙያ፣ ማራኪ
ወንድሜ፣ እሱንም አልመክርም። ውሃ ውስጥ አካንታሞይባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ። ሐይቅ ውስጥም፣ ገንዳ ውስጥም፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥም ይኖራል። ክሎሪን አስተማማኝ አድርጎ አይገድለውም። ሌንሱና ኮርኒያው መካከል ሲገባ ኮርኒያን ያቆስላል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ዓይን የጠፋበትም ሰው አለ። ሌንስ ለብሰው የሚዋኙ አሉ፣ አውቃለሁ። የግድ ከሆነ የአንድ ቀን ሌንስ በጠባቂ መነጽር ሥር ተደርጎ፣ ከውሃ ሲወጣ ወዲያው ይጣላል። ደግሞ ተለክቶ የሚሰጥ ነገር ነው፣ በአንድ ሌሊት ከየት ይመጣል?

ዋናተኛዋ (ጠያቂ)
ይቅርታ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው። ሌንሶቹ ደህና ናቸው። የተበጠሰው መሐል፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ጎማ ነው። ሁለት ቦታ ሆነ። ቁጥሬ ቀኝ ማይነስ 4.50 ሲሊንደር (የዓይን ቅርጽ መዛነፍን የሚያስተካክለው ቁጥር) ማይነስ 1.00፣ ግራ ማይነስ 3.25 ሲሊንደር ማይነስ 0.50።

ጎርጎራ ጀልባ
አይ እህቴ! ሌንሱ ደህና ከሆነ ምን ያስጨንቃል? ይሄ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ድሮም ከዋና መነጽሮች ውስጥ መሐሉ በክር ብቻ የሚታሰር ዓይነት አለ። ዋናተኛው ራሱ በአፍንጫው ልክ ነው የሚያስረው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ካገኘሽ እሱ ነው ጥሩው። ካጣሽ ጫማ ሰፊ የሚሰፋበት ጠንካራ ክር ይሆናል። ፋርማሲ ገብተሽ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ግዢ፣ የጣት አንጓ የምታህል ቁረጪ። አፍንጫሽን እንዳይቆርጠው ክሩን በቱቦው ውስጥ አሳልፊው። ከዚያ ክሩን በሁለቱ ሌንሶች ላይ ጎማው ይገባበት በነበረው ቀዳዳ አስገቢና አንድ ዙር ድገሚው። ከማሰርሽ በፊት የተበጠሰውን ጎማ ገጥመሽ ርዝመቱን ለኪ። ካጠበብሽው ሌንሱ ወደ አፍንጫ ይሳብና በጆሮ በኩል ውሃ ያስገባል። ካሰፋሽው ደግሞ በአፍንጫ በኩል ይገባል። ቋጠሮው ወደ ውጭ ይዙር። የናይለኑን ጫፍ በላይተር ነካ አድርጊው፣ አይፈታም።

ሲያልቅ ማሰሪያውን ሳታጠልቂ መነጽሩን ዓይንሽ ላይ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ለትንሽ ጊዜ ራሱን ችሎ ከተጣበቀ ልክ ነው። ከዚያ በባልዲ ውሃ ፊትሽን ነክረሽ ሞክሪው። ገንዳው ላይ ደርሰሽ አትሞክሪ።

የፒያሳው
አሁን መልስ ተገኘ።

ቆፍጣናው
አንድ ነገር ልጠይቅ። አሠልጣኝ ውሃ ውስጥ ምን ያያል? ዳር ቆሞ በቃል ማስተማር አይበቃም? እኛ ቀሃ ወንዝ ላይ ስንማር መነጽር የሚባል አላየንም፣ ዋናውን ግን ለመድን።

ዋናተኛዋ (ጠያቂ)
ወንድሜ፣ ከዳር ሆኜ የማየው ጭንቅላት ብቻ ነው። እግሩ እንደ ብስክሌት ይሽከረከር፣ ከዳሌው ይምታ፣ ትንፋሹን ውሃ ውስጥ ያውጣ ወይ ይያዘው፣ ከላይ አይታወቅም። የጀማሪ ችግር ሁሉ ከውሃ በታች ነው ያለው። ደግሞ የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ ምን ብሎ ይጮኻል? ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ሳላይ መግባት አልፈልግም።

እማማ ቅዳሜ ገበያ
ተባረኪ ልጄ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። የልጅ ልጆቼ ዋና ይማራሉ። እኔ የምልሽ፣ መነጽሩ ቢሠራም ባይሠራም ነገ ብቻሽን አትሁኚ። ዓይኑ ደህና የሆነ፣ መዋኘት የሚችል አንድ ሰው ዳር ላይ ይቁም፣ ስልኩን ደግሞ ያስቀምጥ። መነጽሩ መሐል ላይ ቢፈታስ? ያን ጊዜ ልጆቹን ማን ያያቸዋል? መነጽሩ ካልሆነልሽ ለወላጆች ደውለሽ ቀኑን አዛውሪው። ማንም አይቆጣሽም።

የዓይን ባለሙያ፣ ማራኪ
እማማ ያሉት ከሁላችንም ምክር ይበልጣል።

የጎርጎራው ወንድማችን ጥገና ለጊዜው ይበቃል። ለዘለቄታው ግን መለዋወጫ ይኑርሽ። እዚህ ካጣሽ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስገዢ። ቁጥሩን እንዲህ አድርገሽ ንገሪው። ተዘጋጅተው የሚሸጡት የዋና መነጽሮች አብዛኞቹ ሲሊንደር የላቸውም፣ በየ0.50 ነው የሚጨምሩት። ስለዚህ የሲሊንደሩን ግማሽ ወስደሽ ከዋናው ቁጥር ጋር ትደምሪያለሽ። ቀኝሽ 4.50 ሲደመር 0.50፣ ማይነስ 5.00 ይሆናል። ግራሽ 3.25 ሲደመር 0.25፣ ማይነስ 3.50። እድለኛ ነሽ፣ ሁለቱም ልክ መጡልሽ። መሐል ላይ ለሚወድቅበት ሰው ዝቅተኛው ይሻላል። ከፍ ያለው ዓይን ያደክማል።

የሁለቱ ዓይንሽ ቁጥር ስለሚለያይ ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚመረጠውን ዓይነት ጠይቂ። የሌንሱ ፊትም ጠፍጣፋ መሆኑን እዪ። ፓወሩ ከውስጥ፣ በአየሩ በኩል ከሆነ ውሃ ውስጥም ከውሃ ውጭም ያው ነው። ፊቱ የጎበጠ ከሆነ ግን ውሃ ሲነካው ኃይሉ ይለወጣል።

እንፋሎት ሲይዘው ደግሞ ውስጡን በጣትሽ አትሺው፣ እንፋሎት የሚከላከለው ቅብ ይላጣል። አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ አዳርሰሽ በትንሽ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

የቀሃ ልጅ
እኔ ማይነስ 2 ነኝ። ጣና ላይ ለመዋኘት ልግዛ?

ጎርጎራ ጀልባ
ጣና ላይ ምኑን ልታይ? ውሃው ደለል ነው፣ ዝናብ ሲመጣ የገዛ እጅህም አይታይህም። ከመነጽሩ በፊት ቢልሃርዚያውን አስብ። ዳር ዳሩን ቀንድ አውጣ ባለበት መግባት ጥሩ አይደለም። ጉማሬም አለ። ገንዳ ይሻልሃል።

መንገደኛ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ለሥራ ጅቡቲ ልሄድ ነው፣ እዚያ ባሕር ውስጥ ጠልቄ ዓሣ ማየት እፈልጋለሁ። የሩቅ ደህና ነኝ፣ ለማንበብ ግን ፕላስ 2 እጠቀማለሁ። ይህ የዋና መነጽር ይሆነኛል?

የዓይን ባለሙያ፣ ማራኪ
ለመጥለቅ የዋና መነጽር አይሆንም። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው። መነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ዓይንዎን ይስበዋል፣ የዓይን ደም ሥር እስኪፈነዳ ድረስ። አፍንጫንም የሚሸፍን ማስክ ያስፈልጋል። በአፍንጫ ትንሽ አየር ሲተነፍሱበት ግፊቱ ይስተካከላል። ለፕላስ 2 ደግሞ ዓሣው በደንብ ይታይዎታል። የሚያስቸግርዎ የአየር መለኪያውን ማንበብ ነው። ታችኛው ክፍሉ ብቻ የማንበቢያ ፓወር ያለው የማስክ ሌንስ ስላለ እሱን ይጠይቁ።

የአዘዞ ልጅ
ወይም ኮንታክት ሌንስ።

የፒያሳው
ኧረ ተው!

እማማ ቅዳሜ ገበያ
ልጄ ዋናተኛዋ፣ እንዴት ሆነ? ክሩ ያዘልሽ?

ጎርጎራ ጀልባ
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ናይለን ካጣሽ ፒያሳ መላክ እችላለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ መኪና አለ።