አንድ ዲስክ ሞቶብኛል፣ ባክአፑም አያስተማምንም
ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ብቸኛው የአይቲ ሠራተኛ ነኝ፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝም የምጠራው እኔው ነኝ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሰርቨሩ ዲስኮች አንዱ ብርቱካናማ ማብራት ጀመረ። ሬይድ 5 ነው (ዳታው በዲስኮቹ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢሞት የማይጠፋበት አሠራር)፣ ባለ 3 ዲስክ። ሲስተሙ እየሠራ ነው፤ ሁለተኛ ዲስክ ከሞተ ግን ዳታው አለቀለት። ባክአፕ አለ፣ እሱም እዚያው ሰርቨር ላይ ነው (አትሳቁብኝ)፤ ሪስቶር አድርጌም (ዳታውን ከባክአፑ መልሼም) ሞክሬው አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ኤሲውም አብሮ ይጠፋል፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

አዲሱን ዲስክ ከመሰካቴ በፊት ዳታውን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ልገልብጥ ወይስ ሪቢልዱ (የሞተውን ዲስክ ዳታ አዲሱ ላይ መልሶ መገንባቱ) ይቅደም? ደግሞ የዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ ሊያልቅ ሲል ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 በራሱ እንዲዘጋ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።